ሦስት ወፍ፣ አንድ አፍ

ግንቦት 24 ቀን 1983 ዓ.ም.

ኩበት ስንከምር ዋልን። ክረምቱ ሳይገባ ከጣራ በታች መግባት አለበት... ዘንድሮ ሰማዩ ቸኩሏል። አማከለች ከታች ታቀብለኛለች፣ እኔ እደረድራለሁ። እጄ ሥራው ላይ፣ ዓይኔ መንገዱ ላይ። ሦስት ጊዜ ደረደርኩ፣ ሦስት ጊዜ ተናደብኝ።

«ምን ታያለህ?» አለችኝ።

«ምንም።»

እውነቴን ነው፣ ጉም ብቻ ነበር። ግን ምንም አለመታየቱስ መች ያሳርፋል?

አዲስ አበባ ከተያዘች ዛሬ አምስተኛ ቀን። ጎረቤቴ ፈንታ ነው በሬዲዮ ሰምቶ የነገረን። አሁን ሬዲዮውም ድንጋይ ጨርሶ ዝም ብሏል። ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል። «ትንሽ ይተንፍሱ፣ እነሱም እንደኛ ደክሟቸዋል» ይላል።

ታጋዮቹ መሐል ሜዳን ከያዙ ቆይተዋል። እዚያ መንግሥት አለ። ገደሉን ወርዶ ቆላው ጋ ለደረሰ ደግሞ የቆላው ሽማግሌዎች አሉ። መካከል ላይ ማን አለ? እኛ። ነፋስ አፋፍ። አሥራ ሁለት ጎጆ፣ ከኋላችን የጓሳ ሳር ሜዳ፣ ከፊታችን ገደል።

ሰፋሪ ይሉናል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ አገራችን ቀየት ላይ የነበረን መሬት አልበቃ ሲል፣ ገበሬ ማኅበሩ ከጓሳው ጠርዝ ቆርሶ ሰጠን። የሚካኤል ሰዎች፣ ማለት ነባሮቹ፣ ጓሳው ያባቶቻቸው ነው፤ ለበግና ለሳር ብለው ከማረሻ ያቆዩት። ሲሰጠን አንድም ቃል አልተናገሩም። የደርግ ጠመንጃ ነበራ። ስድስት ዓመት ዝም አሉ። ጠመንጃው ወደቀ። ዝምታውስ እስከ መቼ?

የማኅበሩ ጸሐፊ ነበርኩ። «ነበርኩ» ነው የሚባለው ወይስ «ነኝ»? ማኅተሙ እቤቴ ነው። አማከለች ጨው ዕቃ ውስጥ ደብቃዋለች።

ግንቦት 26

ሁለት ወታደሮች አለፉ። ጢማቸው አድጓል፣ አንደኛው ባንድ እግሩ የሴት ጫማ አድርጎ ነበር። ፈንታ አንድ ሙክት ሰጥቶ ክላሽ ከነጥይቱ ወሰደ። በግ ነው የተወደደው ወይስ ጠመንጃ የረከሰው?

«ከዛሬ ጀምሮ ሰፋሪ ፈንታ አትበለኝ» አለኝ እየሳቀ። «ባለ ክላሽ ፈንታ በለኝ።»

«ተኩሰህ ታውቃለህ?»

«መች ጠፋኝ! ዋናው አፈሙዙ ወደዚያ መሆኑ ነው።»

ሳቅን። ማታ ግን ሳቁ ደረቴ ላይ እንደ ጥሬ ገብስ ተቀመጠ።

ግንቦት 28

አማከለች ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ሰው ደግፋ መጣች። ወታደር። ልጅ እግር ነው፣ ሃያ ቢሞላው ነው። ግራ እግሩ አብጦ ጠቁሯል፣ ይሸታል።

«ምን ሠራሽ?» አልኳት ወደ ጓዳ ጠርቼ።

«ምን ሠራሁ? ሰው ወድቆ አገኘሁ።»

«ሰው ቢያይሽስ?»

«ካየኝማ ለምን አላገዘኝም?»

በጎቹ ማደሪያ ውስጥ አስተኛነው። ቁስሉን በሞቀ የጨው ውሃ አጠበችለት። በሶ በጠበጠችለት፣ ቁጭ ብሎ መጠጣት አቅቶት በጎኑ ተኝቶ ጠጣ።

ስሙን ጠየቅሁት። ማሙሽ።

«ስምህ ነው ወይስ እናትህ እንዲያ ትልሃለች?»

«ሁለቱም ነው። ሻለቃው ‹ወታደር ማሙሽ!› ብሎ ሲጠራኝ ራሱ ይስቅ ነበር።»

አገሩ ከሐይቅ ወዲያ ነው። በገደሉ ወርዶ ከአጣዬ መንገድ መግባት ይፈልጋል።

«ጠመንጃህስ?»

«ወንዝ ውስጥ ጣልሁት።»

የትኛው ወንዝ? አልጠየቅሁትም። አሁን ብዕር ይዤ ነው ጥያቄው የሚመጣው... ወታደር ጠመንጃውን በዳቦ ይለውጣል እንጂ ወንዝ ውስጥ ይጥላል? ከአንዱ ድንጋይ ሥር ሸጉጦት ቢሆንስ?

ግንቦት 30

ሄደ። ሄደ ማለት... እንዲሄድ ነገርኩት።

ሰማይ ሳይገለጥ ቀስቅሼ የቁልቁለቱን መንገድ አሳየሁት። በትር ሰጠሁት። አማከለች ቆሎ ቋጠረችለት። እግሩ ገና ነበር፣ እሷም ገና ነው ብላለች። «ሁለት ቀን ቢጨምር ምን ነበረበት?» አለች። ምን እንደነበረበት እኔም አላውቅም። ሌሊት በጎቹ በተንኮሻኮሹ ቁጥር እሱ የተነሣ እየመሰለኝ ሁለት ቀን እንቅልፍ አላየሁም።

ሲሰናበት እጄን ሳመኝ። እጄን መሳሙ ቅር አለኝ። አባረርኩት እንጂ ምን አደረግሁለት?

ሰኔ 1

ጎህ ሲቀድ ሁለት ጥይት። ከጓሳው በኩል። ከዚያ እሪታ።

የሚካኤል ሰው ጋሽ ገብረየሱስ ሞተዋል። ከመንጋቸው ጋር ጓሳው ላይ አድረው ነበር። አርባ በግ የለም። አንዲት ግልገል ብቻ ሬሳው አጠገብ ቆማ ተገኘች አሉ።

አማከለችና እኔ ተያየን። ማንኛችንም ስሙን አልጠራንም።

እንዲያ በሚያነክስ እግሩ? አርባ በግ እየነዳ? አይሆንም... ብቻውን ካልሆነ ግን? ጓደኞች ቢኖሩትስ? እኔ ራሴ አይደለሁ መንገዱን ያሳየሁት? የሄደበትን ቆሜ መች አየሁ? ፊቴን አዙሬ ተመለስኩ እንጂ።

ሰኔ 2

ቀብር። እሑድ በመሆኑ ሕዝቡ ብዙ ነው። እኛ ሰፋሪዎቹ በአንድ ወገን ቆምን። ማንም ቁሙ አላለንም፣ እንዲሁ ቆምን።

እማማ ጥሩሸዋ፣ የሟቹ ባለቤት፣ አላለቀሱም። የባላቸውን ገሳ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ዝናብ የመጣ ይመስል።

ከነባሮቹ ስንታየሁ የሚባለው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሰፋሪዎቹ ጋ ወታደር ሲገባ ያየ አለ» አለ። ለማን እንደተናገረ አይታወቅም። ለሁሉም ነው።

ስንመለስ ፈንታ ከጎኔ ሆኖ፣ «የማን ቤት ይሆን የገባው?» አለኝ። አያውቅም። እውነት አያውቅም። እኔም... አፌ ራሱ ነው የተናገረው።

«ወታደር አይደለም ያደረገው» አልኩት። «ትናንት ዱካውን አይቻለሁ። ከጥቁሩ ቋጥኝ በስተግራ ወደ ገደሉ ይወርዳል። አራት ሰው ይሆናሉ። ጫማቸው የቆላ ጫማ ነው።»

«ተው እንጂ! አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

ትናንት ከቤት አልወጣሁም።

ለምን አራት አልኩ? ለምን ጥቁሩ ቋጥኝ? ለምን ጫማ? አንዱ ቃል ሌላውን ይጎትተዋል... ሦስት ነገር ጨምሬ ሳበቃ ራሴም ያየሁት መሰለኝ።

ሰኔ 5

የሚካኤል ሽማግሌዎች መሐል ሜዳ ደርሰው ተመለሱ። ታጋዮቹ፣ «ገዳዩን ካመጣችሁልን እንዳኛለን፤ መፈለጉን ግን ከእኛ እናንተ ታውቁበታላችሁ» ብለዋቸዋል።

ስለዚህ አውጫጭኝ ተጠራ። ዓርብ። ከነባርም ከሰፋሪም ወንድ የተባለ ሁሉ። የቀረ ተጠያቂ ነው።

ቀየት ልጅ ሳለሁ አባቴ የወጣበትን አንድ አውጫጭኝ አስታውሳለሁ። ሕዝቡ ሜዳ ላይ ይቀመጣል። ነገሩ ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም። ሰባት ሽማግሌ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ አንድ አንድ እየተባለ ይቀረባል፣ መስቀል ተይዞ ይማላል፣ የሰሙት ይነገራል። ከማን ሰማህ ተብሎ አይጠየቅም። «ወፍ ነገረኝ» ማለት ይበቃል። ነገሩ የሚጸናው ሦስት ወፍ አንድ ቃል ሲናገር ነው። ሦስት ሰው ተመካክሮ አይዋሽም ይላሉ።

አባቴ ያኔ ሦስት ቀን ውሎ ሲመለስ ለእናቴ፣ «ሰው የሚናገረው የሚያውቀውን አይደለም፣ መሄድ የሚፈልግበትን ነው» ያለው ትዝ ይለኛል። ወይስ እኔ አሁን ፈጠርኩት?

ሰኔ 7

የመጀመሪያው ቀን። ብርድ። ከመቶ የሚበልጥ ሰው ገሳውንና ባናውን ተከናንቦ ሜዳው ላይ። ከሩቅ ላየን የድንጋይ ክምር እንመስላለን።

መሪው አባ መልከ ጼዴቅ ናቸው፣ የሚካኤል ቄስ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰውን በድምፁ ይለያሉ። እስከ ማታ አርባ ሰው ቀረበ። እኔ አልደረሰኝም።

ከኋላዬ ሁለት ነባሮች ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«የእነዚህ ሥራ ከሆነ አንድም ጎጆ ቆሞ አያድርም።»

«መሬቱም ወደ ሳሩ ይመለሳል።»

«እሱስ ከታሰበ ቆየ።»

አሥራ ሁለት ጎጆ። የፈንታ ሚስት በዚህ ወር ነው የምትወልደው። ወታደር አስገብቼ ነበር ብል... እኔ ብቻ ነኝ የምሄደው? ማን ያምነኛል? ሁላችንም ነን የምንባረረው።

ሜዳው ላይ አደርን።

ሰኔ 8

ከቀትር በፊት ተጠራሁ። መስቀሉ ቀዝቃዛ ነበር።

«አባይነህ ነህ?» አሉኝ አባ። በእርምጃዬ ድምፅ ነው የለዩኝ።

«ነኝ አባ።»

«ምን ሰማህ?»

አንድ ነገር ልል ነበር... ምን ልል እንደነበር አሁንም አላውቅም። ያልኩት ግን፣ «ወፍ ነገረኝ። ዱካው ከጥቁሩ ቋጥኝ በስተግራ ወደ ገደሉ ይወርዳል። አራት ሰው። የቆላ ጫማ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ትንፋሹን ለቀቀ። አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በል ሂድ ልጄ።»

ወደ ማታ ላይ ተነሥተው ለሕዝቡ ተናገሩ፦ ሦስት ወፍ አንድ ቃል ተናግሯል። ጥቁሩ ቋጥኝ። በስተግራ። አራት ሰው። የቆላ ጫማ።

ቃል በቃል! ሌሎቹ ሁለቱ እነማን ናቸው?

ብዙም አልቆየ። ፈንታ ጎኔን በክርኑ ነካ አድርጎ፣ «ነግሬልሃለሁ» አለኝ። «ለስንታየሁም በቀብሩ ማግስት ነግሬው ነበር፣ እሱም ሳይናገር አይቀርም። አየህ፣ ነባርና ሰፋሪ አንድ ቃል!»

ሦስት ወፍ። ሦስቱም ከኔ አፍ የወጡ።

ሰኔ 9

ስንታየሁ አንድ ገንቦ ጠላ አሸክሞ ነፋስ አፋፍ ድረስ መጣ። በስድስት ዓመት የመጀመሪያው።

«ያለፈው አልፏል» አለ በረጅሙ ከጠጣ በኋላ። «ጠላታችን አንድ ነው። ከዛሬ ወዲያ ሰፋሪ የሚል ካለ ከኔ ጋር ነው። ወንድሞቻችን ናችሁ።»

የሁሉም ፊት በራ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም... አልዋሽም፣ እዚህ ላይ እንኳ አልዋሽም። ደስ አለኝ። ስድስት ዓመት ስንጠብቀው የነበረ ቃል ነው። መሬቱ የእኛ ሆነ። በዚህ መንገድ ይሁን? በዚህም ቢሆን ሆኗል...

ሰኔ 10

ሠላሳ ሰው ሊወርድ ነው። ሐሙስ፣ ሚካኤል በነገሠ ማግሥት። መጀመሪያ የሚያገኙት መንደር ላይ ሊወርዱ። በጉ ባይገኝ ፍየል፣ ፍየል ባይገኝ...

ፈንታ ክላሹን በቅቤ ይወለውላል።

«መንገድ መሪው አንተ ነህ» አለኝ። «ዱካውን ያየኸው አንተ።»

«ዝናቡ አጥፍቶታል።»

«ቦታውንማ ዝናብ አያጠፋው!»

ሁሉም ሳቀ።

ሰኔ 11

አማከለች ሱፍ እየፈተለች፣ ቀና ሳትል፣ «ዱካውን መቼ ነው ያየኸው?» አለች።

እሳቱን ቆሰቆስኩ።

«ያን ቀን ከዚህ በር አልወጣህም። ከወጣህ እኔ አላውቅም?»

እንዝርቱ ሲሾር እሱን ሳይ ቆየሁ።

«ብናገር አሥራ ሁለቱም ቤት ይፈርሳል» አልኳት።

«ባትናገርስ?»

ፈትሏን ቀጠለች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ሰኔ 12

ተናገርኩ።

ቅዳሴ እንዳለቀ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ አባ መልከ ጼዴቅ መስቀል እያሳለሙ ሳለ። ተራዬ ደርሶ ተሳለምኩ። አልተነሣሁም።

«አባ፣ ቃሌን ልመልስ።»

«የምን ቃል?»

«የወፏን።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወፍ አይመለስም ልጄ። ሦስት ተናግሯል። ዝም ብትል ይሻልሃል።»

«ሦስቱም አንድ ነው አባ። ሦስቱም እኔ ነኝ።»

ከዚያ ጮክ ብዬ። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ዱካ አላየሁም። ለፈንታ የነገርኩት እኔ፣ ፈንታ ለስንታየሁ። ወታደር ቤቴ ሁለት ሌሊት አድሯል። ገዳዩ እሱ ይሁን ሌላ አላውቅም። ቆለኞቹ ናቸው ያልኩት ግን ፈርቼ ነው።

ስንታየሁ፣ «ወንድሜ ያልኩት! በገዛ አፌ ወንድሜ ያልኩት!» እያለ ሊመታኝ መጣ፤ ያዙት።

ከሴቶች ወገን የአማከለች ድምፅ፦ «ያስገባሁት እኔ ነኝ! እሱማ አባረረው። እግሩ የሸተተ ልጅ ነው፣ ዛሬም ቢመጣ አስገባዋለሁ!»

እማማ ጥሩሸዋ ተነሥተው ወደኔ መጡ። መንገድ ለቀቁላቸው።

«እንግዲያ የኔን ሰው ማን ገደለው?»

«አላውቅም እማማ።»

«ውሸትህ ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ቢያንስ የምመለከትበት አቅጣጫ ነበረው።»

ሠላሳው ሰው እንዳይወርድ አባ ገዘቱ። ያኔ ነው ፈንታን የፈለግነው። የለም። ሁለት ሰው አስከትሎ ከሌሊቱ ወርዷል አለች ሚስቱ። «ቀድሜ በራሴ አያለሁ» ብሏት ነበር።

አንድ ቀን ብቻ። ትናንት ብናገር...

ሰኔ 14

ፈንታ ተመለሰ። ሃያ ሁለት ፍየል እየነዳ። ፍየሎቹ ብርዱን አያውቁትም፣ ይንቀጠቀጣሉ።

ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ሁሉን ሰምቷል። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ሰው ነክተሃል?» አልኩት።

ክላሹን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ፈንታ፣ ሰው...»

«ጭኑ ላይ» አለ። «አንድ ሽማግሌ። ከፍየሎቹ አልለይም አለ። ሲወድቅ አየሁት፣ ከዚያ አላየሁም።» እጁን አየ። «አፈሙዙ ወደዚያ ነበር።»

ሚስቱ በሩን ዘጋችብኝ።

ሰኔ 17

ፍርድ። ነባሮቹ አሥራ ሁለቱም ይነቀሉ አሉ። ሽማግሌዎቹ አዳመጡ።

ተነሥቼ፣ «ያስገባሁ እኔ፣ የዋሸሁ እኔ። አሥራ አንዱ ምን አደረጉ? እኔ ልውጣ» አልኩ። ጀግንነት አይደለም። ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም።

ስንታየሁ፣ «ፈንታስ?» አለ።

አባ መልከ ጼዴቅ፣ «ፈንታ ወንጀሉን ከተበዳዩ ጋር ይጨርስ» አሉ። «አውጫጭኙን ያረከሰው ግን ይህ ነው። አንተም ስንታየሁ ብትሆን፣ የሰማኸውን ወፍ ነገረኝ ብለህ ምለሃል። ፈንታም ምሏል። እኛም ሰባት ሆነን ተቀምጠን ሦስቱ ቃል እንደ መንትያ ሲመሳሰል አልጠረጠርንም። ደስ ብሎን ነበር።»

ስንታየሁ ተቀመጠ።

ተቆረጠ። ፍየሎቹ ይመለሱ። እኔ አብሬ ወርጄ በራሴ አፍ ልንገራቸው። ከዚያ ነፋስ አፋፍን ልልቀቅ። አሥራ አንዱ ይቆዩ።

ሰኔ 20

ወርደን ተመለስን።

አባ መልከ ጼዴቅ በበቅሎ፣ ሌሎች አራት ሽማግሌዎች፣ ፈንታና እኔ። ፍየሎቹ ቁልቁለቱን ሲያዩ ሮጡ፣ አገራቸው ነው። ጥቁሩን ቋጥኝ በስተግራ አልፈን ወረድን። መንገድ አለው ለካ። በእውነት ሰው ይሄድበታል።

የቆላው ሽማግሌዎች ከአንድ ግራር ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ቁስለኛው ሐሰን ይባላል። አልጋ ላይ አድርገው ጥላ ሥር አውጥተውታል። ይተርፋል፤ እግሩ ግን እንደቀድሞው አይሆንም አሉ። አማርኛውን ከገበያ የተማረው ነው፣ ጥሩ ይናገራል።

ተናገርኩ። ሁሉንም፣ ከወታደሩ ጀምሬ። ፈንታ መሬት መሬት ያያል።

ሐሰን እስክጨርስ ጠበቀ። «እናንተ ደገኞች ከላይ ድንጋይ ትለቃላችሁ፣ ከዚያ ድንጋዩን ፍለጋ ትወርዳላችሁ» አለ። የራሱ ሰዎች ሳቁ። እኛ አልሳቅንም።

ቀጥሎ፣ «እግሩ የሸተተ ልጅ ነው ያልከው? በትር የያዘ?»

«አዎ።»

«ዓርብ ቀትር ላይ እዚህ ደርሷል። ብቻውን። ከዚህ ጥላ ሥር ነው ወተት የጠጣው። ማግስቱን እኔ ራሴ በግመል መንገዱ ዳር አድርሼዋለሁ።»

ዓርብ ቀትር... ጋሽ ገብረየሱስ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነው የሞቱት።

አልነበረም ማለት ነው። ማሙሽ አልነበረም። ሜዳው ላይ መስቀሉን ይዤ «ወታደር አሳድሬ ነበር፣ ሄዷል» ብል ኖሮ፣ አንድ ሰው ወደ ቆላ ተልኮ ይህንኑ ሰምቶ ይመለስ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን። በቃ። የፈራሁት ነገር ራሱ አልነበረም።

በጎቹን ማን ወሰደ? ሐሰንም አያውቅም። በዚህ ሰሞን የታጠቀ ሁሉ ያልፋል፣ ብሏል።

ፈንታ ክላሹን ሐሰን እግር ሥር አስቀመጠ። ካሣውን ሽማግሌዎቹ ይቀጥሉበታል። እኔን ሐሰን የጠየቀኝ ነገር የለም። ሲሰናበተኝ ብቻ፣ «ወተት ጠጣ፣ ፊትህ ነጭ ሆኗል» አለ። ጠጣሁ።

ሰኔ 25

ለቀቅን። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው፤ ሳይታጨድ። ማሳዬ ወደ ሳር ይመለሳል ተብሏል። ጓሳ ከተወው ቦታ በስንት ዓመቱ ይመለሳል?

ሊሸኘን የወጣ የለም። ፈንታ ቤት ሕፃን ያለቅሳል። ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም።

አማከለች ወደ ኋላ አላየችም። እኔ አየሁ፣ ብዙ ጊዜ።

መስከረም 18 ቀን 1984 ዓ.ም.

መሐል ሜዳ። የተከራየናት ክፍል ወፍጮ ቤት አጠገብ ናት። ቀን ቀን ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ማታ ወፍጮው ሲቆም ደግሞ ጸጥታው ያነቃኛል። ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሰዎች የሆነባቸውን ይነግሩኛል። «ያዩትን ነው ወይስ የሰሙትን?» እላቸዋለሁ። ይናደዳሉ።

ዛሬ ጠዋት ከግቢው ሁለት ዶሮ ጠፋ። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሙሉመቤት ተከራዮቹን ሁሉ ወደ ደጅ ጠሩ። ዓይናቸው የሄደው ወደ ማዕዘኑ ክፍል ነው። ጦር ሜዳ የነበረ ሰው ይኖርበታል፤ አንድ እጁ አይታዘዝለትም። ሥራ ፍለጋ ወጥቷል።

«እሱ ነው» አሉ። «ሌሊት በሩ ሲንቋቋ ሰምቻለሁ። አንተም ሰምተሃል አይደል፣ አባይነህ? ክፍልህ ጎን ለጎን ነው።»

አራት ሰው ወደኔ ዞረ። ሁሉም የሚጠብቁት አንዲት ትንሽ ቃል ናት። አዎ። ወይም፣ የሰማሁ መሰለኝ። ያቺን ቃል አውቃታለሁ... ክብደቷን፣ አፍ ውስጥ እንዴት እንደምትሞቅ።

«በር ሰምቻለሁ» አልኩ። «ዶሮ አልሰማሁም። ሰውም አላየሁም። እርስዎም አላዩም፣ ወይዘሮ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ! አፍ ያለህ አይመስልም።»

ከቀትር በኋላ ክፍሉን ለዘመድ እንደሚፈልጉት አስታወቁን። እስከ ወር መጨረሻ።

ማታ ለአማከለች ነገርኳት። ባናውን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ወዴት እንሄዳለን?»

«አላውቅም።»

ስትናደድ ጠብቄ ነበር። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ማልቀሷ መሰለኝ። እየሳቀች ነው።

«ይኼን እንኳ ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገርክ» አለች። ባናውን ዘርግታ ግማሹን ወደኔ ወረወረችው።